የ130 ዶላሩ ፊርማ

በ2012 አሜሪካ ውስጥ አንድ ያረጀ የባንክ ቼክ ለጨረታ ቀረበ። የተቆረጠው ማርች 1 ቀን 1938 ነው፤ የተጻፈበት ገንዘብ 412 ዶላር። ገንዘቡ ያኔውኑ ተመንዝሮ አልቋል፤ ወረቀቱ ዛሬ የትም ባንክ ቢቀርብ አንዲት ሳንቲም አያስገኝም። ጨረታው ሲዘጋ ግን 160,000 ዶላር ተከፈለበት። ምክንያቱ ምን መሰላችሁ? ከ412ቱ ዶላር ውስጥ 130ው የሱፐርማን ዋጋ ስለሆነ ነው። ያንን ቀይ ካባ ለብሶ የሚበር፣ ጥይት የማይበሳው ጀግና የወለዱት ሁለት ወጣቶች መብታቸውን ጠቅልለው ያስረከቡት በዚያች ሒሳብ ነበር።

የዛሬው ዝግጅታችን በጥበብ ሰውና በአሳታሚው መካከል ስላለው ግንኙነት ነው። ደራሲ ከመጽሐፍ አሳታሚ፣ ሠዓሊ ከመጽሔት ባለቤት፣ ድምፃዊ ከሙዚቃ ቤት ጋር ስለሚፈራረመው ውል፣ ፊርማው ከደረቀ በኋላም ስለሚመጣው ጣጣ እንነጋገራለን። የሱፐርማንን ታሪክ የመረጥኩት ልጆች ስለሚወዱት አይደለም። ከአንድ ፊርማ ተነሥቶ ከ70 ዓመት በላይ የዘለቀ፣ በየደረጃው በፍርድ ቤት መዝገብ የሰፈረ ጉዳይ ስለሆነ፣ ለእኛም ደራስያንና ሙዚቀኞች የሚጠቅም ብዙ ነገር ስላለው ነው። የውጭውን ታሪክ ስናወራ ዓመታቱን በፈረንጆች አቆጣጠር እጠራለሁ፤ የአገራችንን ሕግ ስጠቅስ ወደራሳችን አቆጣጠር እመለሳለሁ፤ ያኔም እነግራችኋለሁ።

ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር ሁለቱም በ1914 የተወለዱ የአይሁድ ስደተኞች ልጆች ናቸው። የተገናኙት በኦሃዮ ግዛት፣ በክሊቭላንድ ከተማ፣ ግሌንቪል በሚባል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። ሲገል ይጽፋል፣ ሹስተር ይሥላል። ጊዜው ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት አሜሪካን ያራቆተበት ጊዜ ነበር። የሲገል አባት ትንሽ ሱቅ ነበራቸው፤ በ1932 ሱቃቸው በተዘረፈበት ምሽት ልባቸው ቀጥ ብሎ ሞቱ። ጥይት የማይበሳው ጀግና በልጁ አእምሮ የተጸነሰው ከዚህ የተነሣ ነው የሚሉ ጸሐፊዎች አሉ። እኔ ግምቱን ለእነሱ እተዋለሁ።

ልጆቹ ሱፐርማንን ሠርተው ለጋዜጦች የሥዕል ተረት ለሚያከፋፍሉ ድርጅቶች ላኩ። ተመለሰላቸው። አሻሽለው ደግመው ላኩ፤ አሁንም ተመለሰላቸው። እንዲህ እየተባለ ዓመታት አለፉ። በመጨረሻ ቀድሞም ሌሎች ሥራዎቻቸውን ይገዛቸው የነበረው፣ ዛሬ ዲሲ የምንለው ኩባንያ፣ አዲስ ለሚያወጣው መጽሔት ገጽ መሙያ አጥቶ ሲያፈላልግ ሱፐርማንን አነሣው። 13 ገጽ፣ ለገጹ 10 ዶላር፣ ድምሩ 130። ከገንዘቡ ጋር የሚፈረም አጭር ወረቀት መጣ። ወረቀቱ ታሪኩን ብቻ ሳይሆን ገጸ ባሕርዩን፣ ርእሱንና ስሙን ለኩባንያው፣ ኩባንያው ለሚያስተላልፍላቸውም ሁሉ ለዘለዓለም ያስተላልፋል። ልጆቹ ፈረሙ።

እዚህ ላይ "ሞኞች ናቸው" ማለት ቀላል ነው። እኔ ግን ሞኞች ናቸው አልልም። ሥራው ተደጋግሞ ተመልሶባቸዋል። በመስኩ ሁሉም ሰው የሚሠራው በገጽ እየተከፈለው ነው፤ የተለየ ውል የጠየቀ ሠዓሊ አላዩም። ጠበቃ መቅጠሪያ የላቸውም። የእኛ ሰው "የቸገረው እርጉዝ ያገባል" የሚለው እንዲህ ላለው ቀን ነው። ደግሞም ዋናው ነገር ይሄ ነው፦ በዚያች ቀን ሱፐርማን ስንት እንደሚያወጣ የሚያውቅ በምድር ላይ አንድም ሰው አልነበረም። አሳታሚውም አላወቀም። የጥበብ ሥራ ዋጋ የሚቆረጠው ዋጋው ከመታወቁ በፊት ነው፤ በዚያች ሰዓት ደግሞ ደካማው ወገን ሁልጊዜ ደራሲው ነው።

አሳታሚውን ወንበዴ አድርጎ መሣልም ልክ አይመስለኝም። ወረቀቱን የገዛ፣ ማተሚያ ቤቱን የከፈለ፣ መጽሔቱን በየከተማው ያከፋፈለ እሱ ነው። ባይሸጥ ኖሮ ኪሳራው የእሱ ነበር፤ ልጆቹ 130 ዶላራቸውን አይመልሱም። ያልተሸጠ ዕቃ ታቅፎ የቀረ አሳታሚ ታሪክ ደግሞ ማንም አይጽፍለትም፤ ስለዚህ አሳታሚ ሁሉ ባለጸጋ ይመስለናል።

ከእኛው አገር ልጥቀስ፤ ዓመታቱ ግን እዚህም በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። በ1960ዎቹ ኢትዮጵያ ውስጥ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት በ1948 በወጣ የንጉሠ ነገሥት ትእዛዝ የአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። ማኅበሩ ግን በዚያ ዘመን የአዳዲሶቹን ወጣት ድምፃውያን ሥራ አያሳትምም ነበር። አቶ አምሃ እሸቴ ገና በ20ዎቹ ዕድሜያቸው ሳሉ፣ በ1969፣ ይህን ክልከላ ጥሰው በራሳቸው ገንዘብ ማሳተም ጀመሩ። የመጀመሪያው ሥራ የዓለማየሁ እሸቴ ነበር፤ ሸክላው የተመረተው ሕንድ አገር ነው። ሊታሰሩ ይችሉ ነበር፤ ገንዘባቸውም ሊቀልጥ ይችል ነበር። ሁለቱም አልሆነም። አምሃ ሬከርድስ እሳቸው በ1975 አገር ለቀው እስኪወጡ ድረስ ከ100 በላይ ነጠላ ሸክላዎችን አወጣ። ያ ሰው ባይደፍር ኖሮ ዛሬ "ወርቃማው ዘመን" ብለን ከምንጠራው ሙዚቃ ብዙው በምሽት ክበብ ተሰምቶ እዚያው በቀረ ነበር። አሳታሚ ማለት እንዲህ ያለ ሰውም ነው።

እንግዲህ አሳታሚው አደጋውን ከተሸከመ ትርፍ ይገባዋል። ጥያቄው ምን ያህል፣ እስከ መቼ የሚለው ነው። የ1938ቱ ወረቀት ለሁለቱም መልስ አለው፦ ሁሉንም፣ ለዘለዓለም። እኔን የሚከነክነኝ ይሄ ነው፤ 130 ዶላሩ አይደለም። ማንም ያላወቀውን ዋጋ በትክክል አልገመታችሁም ብሎ ሰው መውቀስ አይቻልም። ነገር ግን ዋጋው ሳይታወቅ ሲቀር ውሉ እያደር የሚስተካከልበት መንገድ ይበጅለታል። ይህ ደግሞ አዲስ ግኝት አይደለም።

ከሱፐርማን 271 ዓመት በፊት፣ በ1667፣ ለንደን ውስጥ ዓይነ ስውሩ ባለቅኔ ጆን ሚልተን "የጠፋችው ገነት" ብለን የምናውቀውን ታላቅ ሥራ ለአንድ አታሚ ሰጠ። የተከፈለው 5 ፓውንድ ነው። ሥራው እንግሊዝኛ ካፈራቸው ግጥሞች ሁሉ ከታላላቆቹ የሚቆጠር ስለሆነ ይህ 5 ፓውንድ እስከ ዛሬ መሳለቂያ ነው። ውሉ ግን ዛሬም በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛል፤ ላነበበው ሰው ያን ያህል የሚያስቅ አይደለም። የመጀመሪያው እትም 1,300 ቅጂ ሲሸጥ ሌላ 5 ፓውንድ፣ ሁለተኛው ሲሸጥ ሌላ 5፣ ሦስተኛውም እንዲሁ ይላል። ሚልተን የሽያጩን ሒሳብ የመጠየቅ መብትም አለው። 1,300ው ሲሸጥ ሁለተኛዋ 5 ፓውንድ በእርግጥ ተከፈለችው። ከሞተ በኋላ መበለቱ የቀረውን መብት በ8 ፓውንድ ሸጠች። ገንዘቡ ያንስ እንደሆነ ይነስ፤ የውሉ ሐሳብ ግን ሙሉ ነው፦ ሥራው ሲሸጥ ደራሲውም ያገኛል፤ ስንት እንደተሸጠም ማወቅ ይችላል። ሲገልና ሹስተር በ1938 የፈረሙት ወረቀት ከሁለቱ አንዱም አልነበረውም።

የእኛስ የካሴት ዘመን? በአብዛኛው በቁርጥ ነበር። ድምፃዊው ሙሉ ሥራውን ለሙዚቃ ቤቱ ያስረክባል፣ የተስማሙበትን ብር ይቀበላል፣ ይሄዳል። ካሴቱ ጥቂት ሺህ ይሸጥ ብዙ መቶ ሺህ ከዚያ በኋላ የሚነግረው የለም፤ እሱም የሚጠይቅበት መሠረት የለውም። ሙዚቃ ቤቶቹም የራሳቸው እሮሮ ነበራቸው። ካሴቱ በወጣ በሳምንቱ ሕገ ወጥ ቅጂው በየመንገዱ ይቸበቸባል፤ ስለዚህ "ስንት እንደሚሸጥልኝ ሳላውቅ ከሽያጩ ላካፍልህ ማለት አልችልም" ይሉ ነበር። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። የተጎዳው ግን ካሴቱ ከዓመት ዓመት ሲደመጥ የኖረለት ድምፃዊ፣ ከእሱም በላይ የግጥሙና የዜማው ደራሲ ነው።

ወደ ሱፐርማን እንመለስ። ያ አዲስ መጽሔት፣ "አክሽን ኮሚክስ" ቁጥር 1፣ በ1938 በ10 ሳንቲም ዋጋ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ጀግናው በጋዜጣ፣ በራሱ ስም በሚጠራ መጽሔት፣ ከ1940 ጀምሮ በሬዲዮ፣ ከ1941 ጀምሮ በሲኒማ ቤት በሚታይ የካርቱን ፊልም ገባ። ለወጣቶቹም ለጊዜው ደህና ገንዘብ ይከፈላቸው ነበር፤ ገጽ በገጹ የሚሠሩት እነሱ ነበሩና። ይህን መደበቅ አያስፈልግም። ችግሩ የመጣው ሲገል ወታደር ሆኖ በዘመተበት ጊዜ ነው። ቀደም ሲል "ሱፐርማን ልጅ ሳለ የነበረውን ታሪክ ልጻፍ" ብሎ ሐሳቡን አቅርቦ ነበር፤ ኩባንያው አልፈለገም። ሲገል ሠራዊት ውስጥ ሳለ ኩባንያው "ሱፐርቦይ" ብሎ ያለ እሱ ፈቃድ አወጣው።

በ1947 ሁለቱ ከሰሱ። ፍርዱ ሁለት ፊት ነበረው። ሱፐርማን በ1938ቱ ፊርማ የኩባንያው ሆኗል፤ ሱፐርቦይ ግን የሲገል ነው ተባለ። በ1948 በስምምነት ተቋጨ፤ ለሁለቱም በድምሩ 94,000 ዶላር ገደማ ተከፈለና ሱፐርቦይም ለኩባንያው ተላለፈ። ሥራቸውን አጡ። ከዚያ ቀጥሎ ኩባንያው ያደረገው ነገር ግን ከገንዘቡ የከፋ ይመስለኛል፦ ከሱፐርማን መጽሔት ላይ ስማቸውን አነሣው።

ስም ስንል የአገራችንን ሕግ ማንሣት ግድ ይላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410፣ የሥራ አመንጪ ለሚላቸው ሰዎች ሁለት ዓይነት መብት ይሰጣል። አንደኛው ኢኮኖሚያዊ መብት ነው፦ ማባዛት፣ መተርጎም፣ ወደ ሌላ ቅርጽ መቀየር፣ ለሕዝብ ማሰራጨትና የመሳሰሉት። ይህ ይሸጣል፣ ይከራያል። ሁለተኛው የሞራል መብት ነው፦ የሥራው ባለቤት እኔ ነኝ ብሎ ስሙን የማስጠራት፣ ከፈለገም በብዕር ስም የመጠቀም፣ ሥራው ክብሩን በሚነካ መንገድ ሲዛባ የመቃወም። ሁለተኛው የመጀመሪያውን ተከትሎ አይሄድም። ኢኮኖሚያዊ መብታችሁን ሸጣችሁም እንኳ ስማችሁ የእናንተ ነው። ሲገልና ሹስተር በ1948 የዚህ ዓይነት ከለላ አልነበራቸውም።

ስምን የሚያጠፋው ግን ሁልጊዜ አሳታሚ አይደለም። ይህን ክፍል ብዙ ሰው መስማት አይወድም። ያው ኩባንያ በ1939 ባትማንን አወጣ። ውሉን የተዋዋለው ሠዓሊው ቦብ ኬን ነበር። ኬን ከሱፐርማን ልጆች ይልቅ ብልህ ነበር፤ በእያንዳንዱ ባትማን ላይ የእሱ ስም እንዲጻፍ በውል አስገባ። ጎበዝ አትሉም? ነገር ግን የባትማንን ካባ፣ ጭምብልና የኋላ ታሪክ አብሮት ያበጀው፣ የመጀመሪያዎቹን ታሪኮች የጻፈው ቢል ፊንገር የሚባል ሌላ ሰው ነበር። ኬን ስለ ፊንገር አንዲት ቃል በውሉ አላስገባም። ፊንገር በ1974 ሞተ። ስሙ በባትማን ላይ ከኬን ስም ጎን መጻፍ የጀመረው በ2015 ነው።

የእኛ የግጥምና የዜማ ደራስያን ይህን ታሪክ ሲሰሙ ፈገግ ሳይሉ አይቀሩም። ሙዚቃ ቤቱ የሚያውቀው ድምፃዊውን ነው። ግጥሙን የሰጠው፣ ዜማውን ያወጣው፣ መሣሪያውን ያቀናበረው ሰው የሚዋዋለው ከድምፃዊው ጋር ነው፤ ብዙ ጊዜም በቃል፣ በወዳጅነት፣ በሻይ ላይ። ዘፈኑ ሲወጣ "የእገሌ ዘፈን" ይባላል፤ እገሌ ማለት የዘፈነው ነው። ይህን ጥፋት በአሳታሚ ላይ ብቻ ማላከክ የአብዬን ወደ እምዬ መለጠፍ ነው። አርቲስት አርቲስትን ያለ ውል ሲያሠራ ለአርቲስቱ እሱ ራሱ አሳታሚ ሆኗል። እኛም ሬዲዮኖች ከደሙ ንጹሕ አይደለንም፤ ዘፈን ስናሰማ የደራሲውን ስም የምንጠራው ስንት ጊዜ ነው?

በ1975 ዲሲን የያዘው ዋርነር የሱፐርማንን ትልቅ ፊልም ሊሠራ መሆኑ ተሰማ። ሲገል ያኔ ካሊፎርኒያ ውስጥ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የጽሕፈት ሥራ ይሠራል። ሹስተር ዓይኑ ደክሞ ለመታወር ጥቂት ቀርቶት ኒው ዮርክ ከወንድሙ ጋር ይኖራል። ፊልሙ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ የሚታየው ማርሎን ብራንዶ 3.7 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎታል። ሲገል ፊልሙን በአደባባይ የረገመበትን ረጅም ጽሑፍ ለጋዜጦች በተነ። ኒል አዳምስና ጄሪ ሮቢንሰን የተባሉ ሁለት ሠዓሊዎች ነገሩን ይዘው ከጋዜጣ ጋዜጣ፣ ከቴሌቪዥን ቴሌቪዥን ዞሩ።

በሕግ ሲገል ምንም አልነበረውም፤ በኋላ የከፈተውን ሁለተኛ ክስም በ1974 በይግባኝ ተረትቷል። ኩባንያው ግን ከሕዝብ ወቀሳ ጋር ፊልም ማስመረቅ አልፈለገም። በዲሴምበር 1975 ለእያንዳንዳቸው እስከ ዕለተ ሞታቸው በዓመት 20,000 ዶላር ሊሰጣቸው፣ ስማቸውንም ሊመልስ ተስማማ። ከ27 ዓመት በኋላ ስማቸው ተመለሰ። ያስመለሰው ዳኛ አልነበረም፤ ሌሎች ሠዓሊዎች ናቸው። ስለ ሙያ ማኅበር ጥቅም የሚጠራጠር ካለ ይህን ያስብ።

በ1976 የአሜሪካ ምክር ቤት አዲስ የቅጂ መብት ሕግ አወጣ። በውስጡ አንድ ያልተለመደ ድንጋጌ አለ፦ ደራሲ ወይም ወራሾቹ የቀድሞውን ውል፣ "ለዘለዓለም" የሚል ቢሆንም፣ ከረጅም ዓመታት በኋላ አፍርሰው መብታቸውን መልሰው ሊወስዱ ይችላሉ። እንደ ሱፐርማን ላሉ አሮጌ ሥራዎች ጊዜው ከ56 ዓመት በኋላ ነው። ሕግ አውጪዎቹ የተነሡበት ምክንያት ቅድም ያልነው ነው፦ ደራሲ ሲፈርም የሥራውን ዋጋ አያውቅም፤ ዋጋው ከታወቀ በኋላ አንድ ተጨማሪ ዕድል ይገባዋል። እኔ ይህን ድንጋጌ ሳነብ ቅናት ይሰማኛል።

ሹስተር በ1992፣ ሲገል በ1996 ሞቱ። በ1997 የሲገል መበለትና ልጃቸው ለኩባንያው ውሉን ማፍረሳቸውን በጽሑፍ አሳወቁ። በ2008 አንድ ዳኛ "አክሽን ኮሚክስ" ቁጥር 1 ላይ ያለው የሲገል ግማሽ መብት ወደ ቤተሰቡ ተመልሷል ብሎ ፈረደ። ደስታው ብዙ አልቆየም። በጃንዋሪ 2013 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ሌላ ወረቀት አነሣ፤ የቤተሰቡ ጠበቃ በ2001 "የኩባንያውን ሐሳብ ተቀብለናል" ብሎ የጻፈው ደብዳቤ ነው። ያ ደብዳቤ ራሱ ውል ነው፤ መብቱም በእሱ ለኩባንያው ተላልፏል ተባለ። የሹስተር ወገንም እንዲሁ በ1992 በተፈረመ ስምምነት ተያዘ። እኅቱ በዓመት 25,000 ዶላር ለመቀበል ስትስማማ የቀረውን መብት ሁሉ ትታ ነበር። አያችሁ? ነገሩን የጀመረው ፊርማ ነው፤ የዘጋውም ፊርማ ነው። "በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል" እንላለን። ጽሑፉ የሚያወርሰው ግን የተጻፈውን ነው፤ ያሰባችሁትን አይደለም።

አሁን የአገራችንን ደራሲ እንየው። የእኛ ነገር ከዚህ ሁሉ ይለያል፤ አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ደራሲ የሚጣላው አሳታሚ እንኳ የለውም። ራሱ ተበድሮ፣ ራሱ ማተሚያ ቤት ሄዶ ያሳትማል። ማተሚያ ቤቱ የወረቀቱንና የሥራውን ዋጋ ይቀበላል እንጂ መጽሐፉ ቢሸጥም ባይሸጥም ጉዳዩ አይደለም። ከዚያ ደራሲው ለአከፋፋይና ለመጻሕፍት መደብር ያስረክባል፤ እነሱ ከሽፋኑ ዋጋ ድርሻቸውን ይወስዳሉ፤ የቀረው ሲሸጥ ይከፈለዋል፤ መቼ እንደሚከፈለው ግን እሱ አይወስንም። መብቱ ሙሉ በሙሉ የእሱ ነው። አደጋውም ሙሉ በሙሉ የእሱ ነው። መጽሐፉ ገና ከመደብር ሳይወርድ ገጽ በገጽ ተነሥቶ በቴሌግራም ሲዞር የሚያየውም እሱ ነው። በዚህ ሁኔታ አንድ አከፋፋይ መጥቶ "ሙሉ መብቱን ልግዛህ" ቢለው እንደ ሲገል ፈጥኖ ቢፈርም አይፈረድበትም።

ስለዚህ ልትፈርሙ የቀረባችሁ አድማጮች ካላችሁ ስለ ገንዘቡ መጠን ከመጨቃጨቃችሁ በፊት የምትሰጡት ምን እንደሆነ እዩ። መብትን ማስተላለፍና ፈቃድ መስጠት እንደ ቤት መሸጥና ማከራየት የተለያዩ ናቸው፤ ወረቀቱ የትኛውን እንደሚል አንብቡ። የጊዜ ገደብ ይኑረው። ስንት ቅጂ እንደሚታተም፣ ለስንተኛ እትም እንደሆነ ይጻፍ። ሒሳብ በዓመት ስንት ጊዜ እንደሚቀርብላችሁ፣ መዝገቡን በባለሙያ የማሳየት መብት እንዳላችሁ ይጻፍ። ሚልተን በ1667 ያገኘውን እናንተ ዛሬ ብትጠይቁ ድፍረት አይሆንም።

ብዙ ሰው የሚስተው ሌላ ነገር አለ፦ የሥራው መልክ። የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ "ፍቅር እስከ መቃብር" በ1958 ዓ.ም. የታተመ መጽሐፍ ነው፤ ስንቱ ግን ያወቀው በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በዚሁ በሬዲዮ ተተርኮለት ነው! መጽሐፍ ማሳተም አንድ ፈቃድ ነው፤ በሬዲዮ ማስተረክ ሌላ ነው፤ መተርጎም ሌላ፣ ፊልም ማድረግ ሌላ። አሳታሚው የሚፈልገው ማተም ከሆነ የማተሙን ስጡት፤ የቀረውን ለራሳችሁ አቆዩ። ሸክላ ያስቀረጹት የእነ ዓለማየሁ እሸቴ ዘመን ድምፃውያን ሥራቸው በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ "ኢትዮፒክስ" በሚለው ስብስብ በሲዲ ወጥቶ በዓለም ሲዞር ዕድሜ ሰጥቷቸው ያዩ አሉ። ሸክላው ሲቀረጽ ሲዲ የሚባል ነገር አልነበረም። ዩቲዩብም እንዲሁ። "ወደፊት በሚፈጠር በማንኛውም መንገድ" የሚል ሐረግ ውላችሁ ውስጥ ካያችሁ ቆም በሉ፤ በዚያች ሐረግ ስር የምትሸጡት ገና ያልተፈጠረ ገበያ ነው።

ተቀጥራችሁ ወይም ታዝዛችሁ የምትሠሩ ሠዓሊዎች፣ ጸሐፊዎችና አዘጋጆች ደግሞ አንድ ነገር እወቁ። በአዋጁ መሠረት በሥራ ቅጥር ወይም በአገልግሎት ውል የተፈጠረ ሥራ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ በቀር የመጀመሪያ ባለቤቱ ቀጣሪው ወይም አሠሪው ነው። ዝም ማለት እዚህ ላይ ለአሠሪው ይቆጠራል። የተለየ ነገር ከፈለጋችሁ ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት አጽፉ።

በቁርጥ የሸጣችሁ የቀድሞ ሙዚቀኞችም ሁሉ ነገር አልፏል ብላችሁ አትቀመጡ። በ2007 ዓ.ም. የወጣው ማሻሻያ አዋጅ ቁጥር 872 ሥራዎች በብሮድካስት፣ በሆቴልና በመሳሰሉት ቦታዎች ለንግድ ሲውሉ ሮያሊቲ በጋራ አስተዳደር ማኅበር በኩል የሚሰበሰብበትን መንገድ አስቀምጧል። የሸጣችሁት በትክክል ምን እንደነበር የሚለየው ያው ወረቀት ነው፤ ካላችሁ ፈልጉት፣ ከሌላችሁ ሙዚቃ ቤቱን ቅጂ ጠይቁ፣ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣንም ሄዳችሁ አማክሩ። ደራሲ ወላጅ የሞተባችሁም እንዲሁ፤ በእኛ ሕግ ኢኮኖሚያዊ መብቱ ደራሲው በሕይወት ሳለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ይህ ማለት በሳጥን ውስጥ ያለው የአባታችሁ ድርሰት ምናልባት የልጆቻችሁም ጭምር ነው።

በአሜሪካ ሕግ በ1938 ለታተመ ሥራ የጥበቃው ዘመን 95 ዓመት ነው። ያ የመጀመሪያው የሱፐርማን ታሪክ፣ በ2024 አንድ ቅጂው ብቻ በ6 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠው መጽሔት፣ በጃንዋሪ 1 ቀን 2034 የሕዝብ ንብረት ይሆናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ታሪኩን ለማተም የኩባንያውንም ሆነ የቤተሰቦቹን ፈቃድ መጠየቅ አያስፈልግም።